ለዘፈን ኦዲሽን ስትሄዱ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

የድምፅ ውድድሮች ላይ ኪቦርድ ይዤ ተወዳዳሪዎችን አጅቤያለሁ። ጥሩ ድምፅ ያላቸው ልጆች ሲወድቁ ማየት ያማል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጥላቸው ይዘውት የሚገቡት ሐሳብ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ የታዋቂ ዘፋኝ ድምፅ መቅዳት ነው። ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው «ቁርጥ ጥላሁን!» ይላል። አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ የጥላሁንን ድምፅ አረጋገብ፣ እጅ አነሳሡን ሳይቀር ያጠናል። ሴቷም የአስቴርን እንዲሁ። ዳኛ ግን ጥላሁንን መስማት ካማረው ቤቱ ካሴቱ አለ። ጥላሁን ገሠሠ ራሱ ከሀገር ፍቅር ቴአትር ተነስቶ የክብር ዘበኛ ባንድ ሲገባ ይዞት የሄደው የራሱን ድምፅ ነበር።

አንድ ወጣት አይረሳኝም። የጥላሁንን ዘፈን ጥላሁን በሚዘፍንበት ከፍታ ጀመረው። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ጉሮሮው ታነቀ፣ ከቅኝት ወጣ። ከዳኞቹ አንዷ አስቆመችውና «እስቲ እናትህ ቤት ሆነህ የምታንጎራጉረውን አሰማን» አለችው። ቀስ ብሎ አንድ የአምባሰል እንጉርጉሮ ያዘ። ወፍራም፣ ሞቅ ያለ ድምፅ ወጣው። ሁላችንም ቀና አልን። እኔም ዝቅ ብዬ ተከተልኩት። ግን በዚያ ድምፅ ተለማምዶ ስለማያውቅ መሃል ላይ ግጥሙ ጠፋበት። አላለፈም።

እባካችሁ ዘፈናችሁን ያለ ሙዚቃ ስልካችሁ ላይ ቅዱትና ራሳችሁን ስሙ። ስትሰሙት የሌላ ሰው ስም ከመጣባችሁ ዘፈኑን ቀይሩ። ዘፈኑን መተው ካልሆነላችሁ ቶኑን፣ ማለት የዘፈኑን ከፍታ፣ ለራሳችሁ ጉሮሮ አውርዱት። ነውር የለበትም፤ ባንድ ሁሉ ለዘፋኙ ብሎ የሚያደርገው ነው።

ሌላው ልመና ነው። «እናቴ ታማለች፣ ዕድል ስጡኝ» ብሎ መጀመር። ችግሩ እውነት ነው፣ እኛም ሰዎች ነን፣ ልባችን ይነካል። ግን እንባ ጉሮሮ ይዘጋል። አልቅሶ ወዲያው የባቲ ቅኝት ዘፈን በደንብ የተጫወተ ሰው አላየሁም። ታሪካችሁን ከዘፈኑ በኋላ ንገሩን።

«ትንሽ ጉንፋን ይዞኛል» አትበሉ።

ሰልፍ ላይ ዘፈን አትቀይሩ። ከፊታችሁ ያለው ልጅ «እነዚህ ዳኞች ትዝታ ነው የሚወዱት» ሲላችሁ ትደነግጡና ያልተለማመዳችሁትን ይዛችሁ ትገባላችሁ። ወሬውን ተዉት። ሁለት ሦስት ዘፈን፣ የተለያየ ቅኝት ያላቸው፣ ከእንቅልፍ ብትቀሰቀሱ የምትሉት ይኑራችሁ። ማሕሙድ አህመድ በ1950ዎቹ አጋማሽ አሪዞና ክለብ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። አንድ ምሽት የክብር ዘበኛ ባንድ ዘፋኝ ሲቀር «እኔ ልዝፈን» አለ። ዘፈኖቹን ባያውቃቸው ኖሮ ያ ምሽት ያልፈው ነበር።

ከረጅም መግቢያም አትጀምሩ። ጊዜው አጭር ነው፤ ድምፃችሁ በደንብ ከሚታይበት ቦታ ግቡ።

«ይበቃል» ሲባሉ የሚፈርሱ ልጆች በጣም ያሳዝኑኛል። አንዳንዶቹ ማልቀስ ይጀምራሉ፣ አንዳንዶቹ ኩርፊያ ውስጥ ይገባሉ። አዳምጡኝ፦ ዳኛ የሚያስቆመው የሚፈልገውን ስለሰማ ሊሆን ይችላል። ጎበዙንም ቶሎ ያስቆሙታል፤ ከዚያ «ሌላ አለህ?» ይሉታል። ያኔ ፊታችሁ ከጠቆረ ሁለተኛው ዘፈን አብሮ ይጠቁራል። ውሃ ጠጡ፣ ተንፍሱ፣ ቀጥሉ።

«ያለ ዘመድ አይታለፍም» የሚለውን ሐሳብ ደግሞ በር ላይ ጣሉት። አድልዎ የለም ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ያን እያሰበ የሚዘፍን ሰው ዓይኑ ዳኞቹን ይከስሳል፣ ድምፁ ይደርቃል። ያ ጠረጴዛ ጋ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የሚጠብቀው አንድ ጥሩ ድምፅ ነው። ስትገቡ በእውነት ሰላም በሉት።

ካልተሳካ «ለምን ጣላችሁኝ?» ብሎ መከራከር ምንም አያመጣም። «ምን ላስተካክል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ትንፋሽሽ አጭር ነው» ወይም «ምቱን ትቀድማለህ» ከተባላችሁ እዚያው በር ላይ ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ታክሲ እስክትይዙ ድረስ ንዴቱ ያስረሳችኋል።