የገጠር ቤት ልገዛ ስል ሜትሬና ካርታው አልገናኝ አሉኝ

በአንዲት ትንሽ መንደር ተዳፋት ላይ ያለ ቤት ልገዛ ነበር። ካርታው የግቢውን አንድ ጎን 47 ሜትር ይላል። እኔ ስለካው 50 ወጣ። አጥሩ የጎረቤት መሬት ውስጥ ገብቶ ይሆን ብዬ ክፍያውን አቆምኩት።

ሜትሩ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ በሌላ ለካሁ። ያው 50። የስልኬን ጂፒኤስም ሞከርኩ። እሱ በጥቂት ሜትሮች ስለሚስት ለእንዲህ ያለ ልዩነት አይሆንም። ሦስት ቀን እንዲሁ አለቀ።

ለካ ነገሩ ቁልቁለቱ ነው! ካርታ የሚያሳየው አግድም ርቀት ነው። እኔ ግን ሜትሩን መሬቱ ላይ አስተኝቼ ነበር የለካሁት። ቁልቁለቱ 20 ዲግሪ ከሆነ፣ መሬት ለመሬት 50 ሜትር የሆነው ካርታ ላይ 47 ይሆናል።

ከላይኛው ጥግ ጀምሬ በ2 በ2 ሜትር እየቆራረጥኩ እንደገና ለካሁ። ሜትሩን በውሃ ልክ አስተካክዬ እወጥራለሁ፤ ከጫፉ ቱንቢ (በገመድ የሚንጠለጠል ሹል ክብደት) አወርዳለሁ፤ ሹሉ ያረፈበት ላይ ችካል እመታለሁ። ቀጣዩ ከችካሉ ይጀምራል። ሜትሩ እንዳይረግብ የሚይዝ ሁለተኛ ሰው የግድ ነው፤ ንፋስ ካለም ቱንቢው እስኪረጋ ጠብቁ።

46.9 ወጣ። ቀያሽ አስመጥቼ ሌሎቹንም ጎኖች አስለካሁ፤ ገጠሙ። በማግስቱ ፈረምኩ።