የሽጉጥ ክብደትና አሠራር በተኩስ ፍጥነት ላይ ያላቸው ድርሻ

በአይፒኤስሲ (ዓለም አቀፉ የተግባራዊ ተኩስ ኮንፌዴሬሽን) የተኩስ ውድድሮች አብዛኛውን ጊዜ ውጤት የሚወጣው ነጥቡ ለፈጀው ሰከንድ ተካፍሎ ነው። ስለዚህ ፈጣን ሽጉጥ የምንለው ከተተኮሰ በኋላ ማነጣጠሪያው ቶሎ ወደ ኢላማው የሚመለሰውን ነው። ጣት ቶሎ ቶሎ መሳብማ ለማንም አያቅትም።

8 ግራም የሚመዝን የ9 ሚሊ ሜትር የጥይት እርሳስ በሰከንድ 340 ሜትር ሲወጣ ሽጉጡን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ጥይት የሞላ ግሎክ 17 ወደ 900 ግራም ይመዝናል፤ እጅ ባይዘው ኖሮ በሰከንድ 3 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሄድ ነበር። ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነው ሲዜድ ሻዶው 2 ሲሞላ 1.5 ኪሎ ስለሚደርስ ፍጥነቱ 1.8 ሜትር ላይ ይቀራል። የባሩዱን ጋዝ ትተን ብናሰላው፣ እጅ ላይ የሚያርፈው ጉልበት ከ4 ጁል ወደ 2.5 ጁል ይወርዳል። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ክብደቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ከአፎት ሲወጣ ይዘገያል፣ ከአንዱ ኢላማ ወደ ሌላው ሲዞርም በቀላሉ አይቆምም። በተለይ ከአፈሙዙ ሥር ብረት የተጨመረበት ሽጉጥ ወደ ላይ መዝለሉ ይቀንሳል፣ ሲዞር ግን ኢላማውን አልፎ ይሄዳል። ክብደት ለመጨመር ካሰባችሁ መጀመሪያ እጀታው አካባቢ ሞክሩ።

ቀጥሎ የአፈሙዙ ከፍታ ይመጣል። አፈሙዙ ከእጅ በላይ በራቀ ቁጥር ሽጉጡ ወደ ላይ የሚጠመዝዝበት አቅም ይጨምራል። እጅን እስከ እጀታው ጫፍ ከፍ አድርጎ መያዝ ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ መፍትሔ ነው፤ ስላይዱ (ሲተኮስ ወደ ኋላ ሄዶ የሚመለሰው የሽጉጡ የላይኛው ክፍል) አውራ ጣትን እንዳይመታ ብቻ ተጠንቀቁ።

የስላይዱን ሞላ ብዙዎች ይረሱታል። ስትተኩሱ የፊት ማነጣጠሪያውን በዓይናችሁ ተከተሉት። ወጥቶ ሲመለስ ከነበረበት በታች ከወረደ ሞላው ለምትጠቀሙት ጥይት ጠንክሯል። በአንድ ደረጃ የላላ ቀይሩና እንደገና እዩ። ከመጠን በላይ ከላላ ስላይዱ የሽጉጡን አካል ይደበድባል፣ አዲሱን ጥይትም አጥብቆ አያስገባም። ከመጠን በላይ ከጠነከረ ደግሞ ቀለሁ መውጫው ላይ ይሰነቀራል።

ቃታን በተመለከተ፣ 2.5 ኪሎ የሚጠይቅ ቃታ 900 ግራም ሽጉጥ ላይ ሲሆን ትንሽ የጣት ስህተት እንኳ አፈሙዙን ያዞረዋል። ከባዱ ሽጉጥ ይህን ጥፋት ይደብቃል፤ ብዙ ሰው በከባድ ሽጉጥ የሚሻለውም በዚህ ነው ብለን እናምናለን። ሻዶው 2 ላይ መዶሻው ወርዶ ሲጀመር የመጀመሪያው ስበት ረጅምና ከባድ፣ ቀጣዮቹ አጭርና ቀላል ስለሆኑ ሁለቱንም ለየብቻ ተለማመዱ። ቃታውን ለማቅለል ብላችሁ የመምቻውን ሞላ አትቁረጡ፤ ካፕሱሉን (ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን የጥይቱን ክፍል) በደንብ ሳይመታ ይቀርና ጥይቱ ይከሽፋል። ቃታ የነካ ሥራ ሁሉ በባለሙያ ይሠራ፣ የደህንነት መቆለፊያዎቹም ከዚያ በኋላ ይፈተሹ።

ሁለት ሽጉጥ ለማወዳደር የተኩስ ሰዓት መቁጠሪያና አንድ ዓይነት ጥይት ያስፈልጋል። ፈቃድ ባለው ሜዳ፣ የጆሮና የዓይን መከላከያ አድርጋችሁ፣ በ7 ሜትር ርቀት 6 ጥይት ተኩሱና በመካከላቸው ያሉትን 5 የጊዜ ክፍተቶች መዝግቡ። ከዚያ በ10 ሜትር፣ በመካከላቸው አንድ ሜትር ባላቸው 3 ኢላማዎች ላይ ሁለት ሁለት ተኩሱ። ድካምና መሟሟቅ ውጤቱን እንዳያዛቡት ሽጉጦቹን እያፈራረቃችሁ አምስት አምስት ዙር ሥሩ። ከመሃለኛው ክልል ጥይት የወጣበትን ዙር ድገሙት፤ አንዱ ሽጉጥ ደጋግሞ ካስወጣ ግን ያው ራሱ መልስ ነው።

ክፍተቱንና የመዞሪያውን ጊዜ ለየብቻ አስሉ። ከባዱ በየክፍተቱ 0.03 ሰከንድ ቢያተርፍና በየዙረቱ 0.05 ቢያስከፍል፣ በዚህ በሁለተኛው ልምምድ ላይ ሦስቱ ክፍተቶች 0.09 ያተርፋሉ፣ ሁለቱ ዙረቶች ደግሞ 0.10 ይበላሉ። ኢላማው እየበዛና እየተራራቀ ሲሄድ ቀላሉ ያሸንፋል፤ በአንድ ኢላማ ላይ ብዙ ጥይት ሲጠየቅ ከባዱ። ከባዱ ኢላማ እያለፈ ካስቸገራችሁ ከመሸጣችሁ በፊት ዓይናችሁን ቀድማችሁ ወደ ቀጣዩ ኢላማ መሃል ላኩት፣ ትከሻችሁንም አላሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ማለፉ የሚመጣው በትከሻ ጉልበት ከመግፋት ነው።