ልሂድ ወይስ ልቆይ? ስናመዛዝን የምንሠራቸው ስህተቶች

ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሌሊት ነው። ሰፈር ውስጥ ሰው ተዘርፎ፣ ወይም ደመወዙ ወሩ ሳይጋመስ አልቆ፣ እንቅልፍ ሲጠፋ «ለምን አገር ጥዬ አልሄድም?» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሚያስጸጽተው የተሰጠው መልስ ሳይሆን የተመዘነበት ሚዛን ነው፤ በተዛባ ሚዛን የሄደም ይጸጸታል፣ የቀረም ይጸጸታል። ታላቅ እህቴ ከሄደች አሥር ዓመት አልፏታል። እኔ ሁለት ጊዜ ፎርም ሞልቼ ሁለቱንም ጊዜ ቀርቻለሁ። ሁለታችንም የሠራናቸውን፣ ሌሎችም ሲሠሯቸው ያየኋቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላስቀምጥ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። በሕይወቱ ላይ ቀጥተኛ ዛቻ የደረሰበት ሰው ሚዛን አያስፈልገውም፤ መጀመሪያ ነፍሱን ያትርፍ። ይህ ጽሑፍ ለማሰብ ጊዜ ላለው ሰው ነው።

ችግሩን በስሙ አለመጥራት

«እዚህ መኖር አልተቻለም» ምሬት ነው፤ ምክንያት ግን አይደለም። ውስጡ ሲፈተሽ የቤት ኪራይ ጭማሪ፣ አምሽቶ መግባት መፍራት፣ ዕድገት የሌለው ሥራ፣ አንዳንዴም የፈረሰ ትዳር ወይም ያልወጣ ሐዘን ተጠላልፈው ይገኛሉ። መድኃኒታቸው ግን የየራሳቸው ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት በመቀየር ይቀላል። ሌላው ድንበር ካልተሻገሩ አይፈታም። ሐዘን ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ አብሮ ይሄዳል።

ወንጀልን ብቻ ነጥለን እንይ። ተመራማሪው ዴቪድ ዋይስበርድ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተመው ጥናት፣ በተመለከታቸው ትልልቅ ከተሞች ከሚፈጸመው ወንጀል ግማሽ ያህሉ የሚፈጸመው ከጠቅላላው ጎዳና ከ4 እስከ 6 በመቶ በሚሆነው ላይ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ወንጀል በአንድ ከተማ ላይ እኩል አይዘንብም። ስለዚህ ያስመረረዎት ዝርፊያ ከሆነ፣ ከአገር ከመውጣትዎ በፊት ከሰፈር መውጣትን በቁም ነገር ያስሉት። ኪራዩ ሊጨምር ይችላል፤ ግን ጭማሪውን ከስደት ወጪ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ያውቃሉ? እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎርም ስሞላ ይህን አላሰላሁም ነበር።

አደጋን በወሬ መለካት

ከተሞችን በወንጀል ብዛት የሚደረድሩ ሰንጠረዦች ኢንተርኔት ላይ በየጊዜው ይሰራጫሉ። ብዙ ሰው የሚያጋራው የኑምቤኦ ደረጃ የተሠራው ድረ ገጹን የጎበኙ ሰዎች ስለ ስጋታቸው ከሞሉት መጠይቅ እንጂ ከፖሊስ መዝገብ አይደለም። የፖሊስ መዝገብም ቢሆን ያሳስታል፤ ሕዝቡ ፖሊስን በሚያምንበት አገር ብዙ ሰው ያመለክታል፣ በማያምንበት አገር ተዘርፎ ዝም ይላል። አገርን ከአገር ለማወዳደር የተሻለው መለኪያ ከ100,000 ሰው ስንቱ ተገደለ የሚለው ነው፤ ግድያ እንደ ስርቆት ተደብቆ አይቀርም።

ማን እንደሚጠቃም ይጠይቁ። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል መከላከያ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት፣ በ2017 በዓለም ላይ 464,000 ያህል ሰዎች ተገድለዋል። ከአሥሩ ስምንቱ ወንዶች ናቸው። ከተገደሉት ሴቶች ግን 58 በመቶ የሚሆኑት የሞቱት በፍቅር ጓደኛቸው፣ በባላቸው ወይም በቤተሰባቸው እጅ ነው። በቤቷ ውስጥ ለምትፈራ ሴት አገሩን የቀየረ፣ ሰውየውን ግን ይዞ የሄደ ጉዞ ምንም አያድናትም። የመኪና አደጋን ደግሞ ማን ያስታውሰዋል? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ ላይ ይሞታል፤ ከግድያው ከእጥፍ በላይ ነው።

ይህን የምለው ፍርሃትን ለማቃለል አይደለም። ልጁን ወደ ሱቅ ለመላክ የሚፈራ ወላጅ በየቀኑ ዋጋ እየከፈለ ነው፤ ያ ዋጋ ሚዛኑ ላይ መቀመጥ አለበት። ግን በሌላኛው በኩልም እውነቱን ያስቀምጡ። አዲስ የገባ ሰው የሚኖረው ኪራይ በሚረክስበት ሰፈር ነው፤ የሚያገኘውም ሥራ ብዙ ጊዜ የሌሊት ሺፍት ነው። የከተማው አማካይ ሰላም የእርስዎ ሰላም ላይሆን ይችላል። የሚኖሩበትን ሰፈርና ከሥራ የሚመለሱበትን ሰዓት ለይተው ይጠይቁ።

ደመወዙን በምንዛሪ ማባዛት

ከሁሉም የሚበዛው ስህተት ይህ ነው፤ ብዙ ሰውም ያስለቀሰ ነው። የውጭውን ደመወዝ በአገር ቤት ገንዘብ ያባዙና ትልቅ ቁጥር ያገኛሉ። ያ ቁጥር ግን ባለቤት የለውም። እዚያ ያገኘ እዚያ ያወጣል፤ ኪራዩም ትራንስፖርቱም የሕፃናት ማቆያውም በዚያው ገንዘብ ነው።

ትክክለኛው ስሌት ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ የተጣራውን ደመወዝ ይያዙ፤ ግብርና የጡረታ መዋጮ ሳይቀነስ የሚነገረውን አይደለም። ከዚያ ኪራይ ይቀንሱ፤ ማስያዣውን ከነመጀመሪያው ወር ኪራይ ለብቻው ይጻፉት። ከዚያ ማንም ቀድሞ የማይነግርዎትን ይፈልጉ። ለምሳሌ ብሪታንያ አብዛኞቹን የሥራ ቪዛ አመልካቾች የምታስከፍለው የጤና አገልግሎት ክፍያ ከየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአንድ አዋቂ በዓመት 1,035 ፓውንድ ነው። የሚከፈለውም ከቪዛው ማመልከቻ ጋር ለሙሉ ዓመታቱ በአንድ ጊዜ ነው። የሦስት ዓመት ቪዛ ለባልና ሚስት ምን ያህል እንደሚሆን ራስዎ ያስሉት፤ የማመልከቻ ክፍያውና ትኬቱ ገና አልተነካም።

ከዚያ ሐዋላ አለ። የሚሄድ ሰው ለራሱ ብቻ አይሠራም። የሚልኩትን መጠን ከመሄድዎ በፊት ከቤተሰብ ጋር ይነጋገሩበት፤ ከሄዱ በኋላ «አይ» ማለት እጅግ ይከብዳል። የመላኪያ ዋጋውም አለ፦ የዓለም መንግሥታት እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) ከ3 በመቶ በታች ለማድረስ ተስማምተዋል፤ የዓለም አማካይ ግን ዛሬም ከ6 በመቶ በላይ ነው።

በተቃራኒው መሳሳትም አለ። «እዚያም ያው ነው፣ ያገኘውን ቢል ይበላዋል» እያሉ ራስን ማጽናናት። ኒውዚላንድ ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለቶንጋ ሰዎች በዕጣ የመኖሪያ ፈቃድ ትሰጣለች። ዕጣው የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን ያነጻጸሩ ኢኮኖሚስቶች የሄዱት ገቢያቸው በጣም መጨመሩን አገኙ። የሚገርመው፣ አመልካቾቹ በተለይም ወንዶቹ ከመሄዳቸው በፊት የገመቱት ገቢ ኋላ ከሚገኘው ያነሰ ነበር። ተመራማሪዎቹ ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ ውጭ ያሉ ዘመዶች ተጨማሪ ላኩ እንዳይባሉ ገቢያቸውን አሳንሰው መናገራቸው ነው። ይህን ሳነብ እህቴ ትዝ አለችኝ።

የኑሮ ውድነቱንም በስሜት ሳይሆን በስሌት ይዩት። 70ን ለዓመታዊው የዋጋ ጭማሪ ቢያካፍሉ ዋጋ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን በግርድፉ ያገኛሉ። በ10 በመቶ ሰባት ዓመት ያህል፣ በ20 በመቶ አራት ዓመት ሳይሞላ። ደመወዝዎ በዚያው ፍጥነት ካላደገ፣ ባሉበት መቆየትም በየዓመቱ ወደ ኋላ መሄድ ነው።

ሙያዬም አብሮኝ ይሻገራል ማለት

ዲግሪ ይሻገራል፤ ፈቃድ አይሻገርም። ሌላ አገር የተማረ ሐኪም አሜሪካ ውስጥ ለመሥራት የአገሪቱን የሕክምና ፈቃድ ፈተናዎች ማለፍና በአብዛኛው ሬዚደንሲ የሚባለውን፣ ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ የሚወስዱትን ሥልጠና ከመነሻው መውሰድ አለበት። ነርስም የራሷ ፈተና አለባት። የአይኤልትስ የእንግሊዝኛ ውጤት ብዙ ተቋማት የሚቀበሉት ለሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ሂደቱ ቢጓተት እንደገና ተፈትኖ እንደገና መክፈል ይመጣል። የሚሄዱበት አገር ሙያዎን የሚመዘግበው አካል ማን እንደሆነ ሳያውቁ የሥራ መልቀቂያ አያስገቡ። ወደ ሙያዬ እስክመለስ ስንት ዓመት ሌላ ሥራ መሥራት እችላለሁ? መልሱ ዜሮ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ቢያውቁት ይሻላል።

ቪዛን ከመኖሪያ፣ የዛሬን ሕግ ከነገ ጋር ማምታታት

ቪዛ ወጣ ማለት ወረቀት ተገኘ ማለት አይደለም። አንዳንዱ ቪዛ ከአንድ ቀጣሪ ጋር ያስራል፤ ቀጣሪው ሲያሰናብትዎ ፈቃዱም አብሮ ይሰናበታል። አንዳንዱ ቤተሰብ አያስመጣም። ሕጉም ይለወጣል። ብሪታንያ የእንክብካቤ ሠራተኞችን ከውጭ በብዛት ስትቀጥር ነበር፤ መጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) ላይ አዲስ ለሚመጡት ትዳር አጋርና ልጅ ማምጣትን ከለከለች፣ ሐምሌ 2025 (እ.ኤ.አ.) ላይ ደግሞ ከውጭ አዲስ የሚቀጠሩበትን በር ዘጋችው። ጀርመን በ2024 (እ.ኤ.አ.) በተለየ ሁኔታ በሦስት ዓመት ዜግነት የሚያስገኝ መንገድ ከፍታ በዓመቱ ሰረዘችው። ካናዳም በ2024 (እ.ኤ.አ.) የተማሪ ፈቃድ ላይ ጣሪያ ጣለች።

እህቴ ስትሄድ ዕቅዱ ባሏና ልጇ በዓመቱ እንዲከተሏት ነበር። አራት ዓመት ፈጀ። ልጁ ኤርፖርት ላይ ሲያያት ከአባቱ ኋላ ተሸሸገ። ማንም አልዋሻትም፤ በመሃል ሕጉ ተለውጦ ነው። ስለዚህ «ቤተሰቤ ሳይመጣ ስንት ጊዜ እችላለሁ?» የሚለውን ከትዳር አጋርዎ ጋር በዓመት ቆጥራችሁ ተስማሙ። «እንደ ሁኔታው» የሚባል መልስ አትቀበሉ፤ ሁኔታው ሲመጣ አንዳችሁ ብቻችሁን ትወስናላችሁና።

ስለ ደላላ አጭር ነገር ልበል። የዓለም ሥራ ድርጅት የ1997 (እ.ኤ.አ.) ስምምነት ቁጥር 181 የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኞች ሠራተኛውን ማስከፈል እንደሌለባቸው ይደነግጋል። ለሥራ ደብዳቤ ብቻ ገንዘብ የሚጠይቅዎት ሰው ሲገጥምዎ እዚያው ያቁሙ። ላም አለኝ በሰማይ ብሎ ቤቱን የሸጠ ሰው አውቃለሁ።

የእዚህን ክፉ ቀን ከእዚያ መልካም ፎቶ ጋር ማወዳደር

እ.ኤ.አ. በ1998 ዴቪድ ሽኬዲና ኋላ ኖቤል የተሸለመው ዳንኤል ካህነማን ወደ 2,000 የሚጠጉ ተማሪዎችን ጠየቁ። ግማሾቹ ፀሐያማ በሆነችው ካሊፎርኒያ፣ ግማሾቹ ክረምቱ በሚከብድበት መካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ የሚኖሩ ናቸው። ሁለቱም ወገኖች በራሳቸው ሕይወት ያላቸው እርካታ ተመሳሳይ ነበር። ስለሌላው ሰው ሲጠየቁ ግን ሁለቱም ካሊፎርኒያ የሚኖረው ይበልጥ ደስተኛ ነው አሉ። ምክንያቱም ቦታን ስናስብ የሚታየን የሚለየው ነገር ብቻ ነው፤ የአየሩ ጠባይ፣ የመንገዱ ጽዳት። አብዛኛው ዕድሜያችን የሚያልፈው ግን በሥራ፣ በቤተሰብ፣ በድካምና በወዳጅ ነው።

በበኩሌ የጠቀመኝ አንድ ዘዴ አለ። ተራ ማክሰኞን መጻፍ። ስንት ሰዓት እነሣለሁ፣ በምን እሄዳለሁ፣ ምሳ ከማን ጋር ነው፣ ማታ በሩን ማን ይከፍትልኛል፣ ሲያመኝ ማን ይመጣል? እዚህ ያለውን ማክሰኞ ያለ ምሬት፣ እዚያ የሚኖረውን ደግሞ በሁለተኛው ዓመት ላይ አስቀምጠው ይጻፉት። የመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም ያሳስታል፤ ወይ ጉጉት ነው፣ ወይ ለቅሶ። ለሁለተኛው ገጽ የሚሞላ መረጃ ከሌለዎት ገና አልመዘኑም ማለት ነው፤ እዚያ የሚኖር ሰው ደውለው ስለ ደመወዙ ሳይሆን ስለ ማክሰኞው ይጠይቁት።

መቆየትን እንደ ምንም አለማድረግ መቁጠር

እኔ የወደቅሁበት ስህተት ይህ ነው። ሁለት ጊዜ ስቀር አልወሰንኩም፤ ዝም ብዬ ቀረሁ። በሁለቱ ፎርሞች መካከል ያለፉት ዓመታት በ«ልሄድ ነው እኮ» አለፉ። ኮርስ አልጀመርኩም፣ ቤቱን አላሳደስኩም፣ ከጎረቤትም ጋር አልተወዳጀሁም። የሚቆይ ሰው ልክ እንደሚሄድ ሰው ዕቅድ፣ በጀትና ቀን ያስፈልገዋል። ጊዜም በነፃ አይሰጥም። ካናዳ ባለሙያ ስደተኞችን በነጥብ አወዳድራ በምትመርጥበት በኤክስፕረስ ኢንትሪ፣ የዕድሜ ነጥብ ከ20 እስከ 29 ዓመት ሙሉ ነው፤ ከ30 ጀምሮ በየዓመቱ ይቀንሳል፣ በ45 ዜሮ ይሆናል። «ልጆቹ ትንሽ ይደጉ» ሲባል በሩም አብሮ እየጠበበ ነው። የመወሰኛ ቀን ይቁረጡ። ቀኑ ደርሶ መልሱ «እቆያለሁ» ከሆነ፣ ቤቱን ያሳድሱ።

መመለስን እንደ ሽንፈት ማየት

የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሰፈረው፣ እንደየአገሩ ከ20 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ስደተኞች በገቡ በአምስት ዓመት ውስጥ ወይ ይመለሳሉ ወይ ወደ ሌላ አገር ያልፋሉ። የመመለስ ሐሳብ ስለሚያሳፍር ግን ብዙ ሰው መመለሻውን አቃጥሎ ይሄዳል። ቤቱን ይሸጣል፣ ከመሥሪያ ቤቱ ተጣልቶ ይወጣል፣ ወዳጆቹን ደህና ሁኑ ሳይል ይቀራል። ከዚያ ነገሩ ባይሆንለትም ሰው ምን ይለኛል እያለ ይኖራል።

ከመሄድዎ በፊት ምን ቢሆን እንደሚመለሱ በወረቀት ይጻፉ። የመመለሻ ትኬትና የሦስት ወር ኑሮ የሚሆን ገንዘብ ለይተው ያስቀምጡ፤ ለኪራይም ለሐዋላም አይነካም። እህቴ ያንን ገንዘብ አምስት ዓመት አልነካችውም። በስድስተኛው ዓመት አውጥታ ለልጇ ትምህርት ቤት ከፈለችበት፤ የዚያን ቀን ማታ ለእናታችን ደውላ «እማዬ፣ እንግዲህ ኗሪ ሆኛለሁ» አለቻት።