ዙሙ እንዳይቆራረጥ ኢንተርኔቱን ማከፋፈል

ስብሰባ ላይ ነህ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው እንግዳ ደግሞ በዋይፋይህ ፊልም ያወርዳል። ድምፅህ ተቆራረጠ። ፍጥነት ልጨምር ብለህ ከመክፈልህ በፊት ያለውን አከፋፍለው።

ራውተሩ ማይክሮቲክ (የራውተር ብራንድ ነው)፣ መስመሩ 20 ሜጋ (በሰከንድ 20 ሜጋቢት) ነው እንበል። መጀመሪያ ፋየርዎል (ትራፊክ የሚያጣራው ክፍል) ውስጥ ያለውን ፋስትትራክ የሚባል አቋራጭ አጥፋው፤ እሱ እያለ ትራፊኩ ኪውውን (ፍጥነት የሚያከፋፍለውን ወረፋ) ዘሎ ስለሚያልፍ «ለምን አልሠራም» እያልክ ታመሻለህ (እኔ አምሽቻለሁ)። ከዚያ ሲምፕል ኪው በሚለው ገጽ ላይ ለመላው ኔትወርክ አንድ ዋና ኪው ፍጠርና ማክስ ሊሚቱን (የፍጥነት ጣሪያውን) 18 ሜጋ አድርገው። ሙሉውን 20 ከሰጠኸው ወረፋው ያንተ ራውተር ላይ ሳይሆን አቅራቢው ጋ ይፈጠራል፣ እዚያ ደግሞ አታዝም።

በሥሩ በአይፒ የተለዩ ሦስት ቡድኖች፦ ለስብሰባ ማሽኖች ሊሚት አት (ዋስትና ያለው ፍጥነት) 4፣ ፕራዮሪቲ (ቅድሚያ) 1፤ ለሠራተኛው 10፣ ፕራዮሪቲ 4፤ ለእንግዳ ዋይፋይ 4፣ ፕራዮሪቲ 8። ቀዳሚው 1 ነው፣ 8 ጭራ። የሁሉም ማክስ ሊሚት 18 ይሁን፤ ሌላው ካልተጠቀመበት ትርፉን ይውሰድ። የሊሚት አት ድምር ግን ከ18 እንዳይበልጥ፣ የሌለህን ቃል መግባት ነው።

አሁን በእንግዳው ዋይፋይ ትልቅ ፋይል እያወረድክ ዙም ክፈት። የኪውው ምልክት ቢቀላ አትደንግጥ፣ ሊሞላ ነው ማለት ነው።