በሁለት ከተሞች መሀል ያለውን የአየር ርቀትና የበረራ ሰዓት በራስ ለማስላት

አንዱ ሳይት 7 ሰዓት ሌላው 8 ሰዓት ይፈጃል ብሎ ካደናገራችሁ ሁለቱም ላይዋሹ ይችላሉ፣ አንዱ አየር ላይ ያለውን ብቻ ሌላው ደግሞ አውሮፕላኑ ከመነሻው ኤርፖርት በር (ጌት) እስከ መድረሻው በር ያለውን ቆጥሮ ይሆናል። ራስን ችሎ ማስላት ይሻላል፣ ከባድም አይደለም።

ርቀቱ ቀላሉ ነው። ጉግል ማፕን ኮምፒውተር ላይ ክፈቱና መነሻው ኤርፖርት ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ርቀት መለኪያውን ምረጡ፣ ከዛ መድረሻው ላይ ክሊክ ማድረግ ነው። አቅጣጫ በሚለው እንዳትገቡ፣ እሱ የመኪና መንገድ ነው ሚያወጣላችሁ። ርቀቱ ረጅም ከሆነ መስመሩ እንደ ቀስት ጎብጦ ይመጣል፣ አልተበላሸም፣ ክብ የሆነችውን መሬት ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ስንዘረጋት ነው አጭሩ መንገድ ጠማማ ሚመስለው። ሉል ካገኛችሁ ከኒውዮርክ እስከ ቶኪዮ ክር ወጥሩ፣ ክሩ በአላስካ በኩል ያልፋል፣ እኔ ይሄን በእጄ እስክሞክረው ድረስ አልዋጥልህ ብሎኝ ነበር። ቁጥሩ በናውቲካል ማይል ከመጣ በ1.852 አባዙት ኪሎሜትር ይሆናል።

ሰዓቱ ላይ ነው እንግዲ ጉዱ። ጄት አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ወደ 900 ኪሎሜትር ይበራል ግን ለመነሳት፣ ለመውጣትና ለመውረድ ሚሄደው ጊዜ አለ፣ ስለዚ ርቀቱን ለ850 አካፍሉና ግማሽ ሰዓት ጨምሩበት። ለንደን ኒውዮርክ 5,550 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ ስታካፍሉት 6 ሰዓት ተኩል፣ ሲደመር 7 ሰዓት። በተግባር ግን ወደ ኒውዮርክ ሲኬድ 8 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ሲመለስ ወደ 7 ይወርዳል። ምክንያቱ ከምዕራብ ወደ ምስራቅ ሚነፍሰው ጄት ስትሪም ሚባለው የላይኛው ንፋስ ነው፣ በተለይ በአውሮፓና በአሜሪካ የብርድ ወራት ይበረታል፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2020 ላይ አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ 747 ከኒውዮርክ ለንደን ከ5 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ገብቷል። ስለዚ የሄዳችሁበትን ሰዓት ለመመለሻ አትገልብጡት።

ሌላው አየር ክልል ነው። ሄልሲንኪ ቶኪዮ ወደ 7,800 ኪሎሜትር ነው፣ በስሌታችን 9 ሰዓት ተኩል ምናምን፣ ድሮም እንደዛ ነበር፣ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የራሺያ ሰማይ ለአውሮፓ አየር መንገዶች ሲዘጋ ግን የፊንላንዱ አየር መንገድ ፊንኤር እየዞረ 13 ሰዓት አካባቢ ይፈጅበታል።

ቲኬት ላይ ካለው ሰዓት ማስላት ከፈለጋችሁ ደግሞ መነሻውም መድረሻውም በየከተማው ሰዓት እንደተጻፈ አትርሱ። ከለንደን 11:00 ተነስቶ ኒውዮርክ 14:00 ይገባል ቢል 3 ሰዓት በረረ ማለት አይደለም፣ የ5 ሰዓቱን ልዩነት ስትጨምሩ 8 ነው። እሱም ቢሆን ማርች ላይ አሜሪካ ከእንግሊዝ ቀድማ ሰዓቷን ስለምትቀይር ለሁለት ለሶስት ሳምንት ልዩነቱ 4 ይሆናል፣ ብዙ ሰው እዚ ጋ ነው ሚሳሳተው።

ትራንዚት ካለ እያንዳንዱን በረራ ለብቻው አስሉ፣ ግማሽ ሰዓቷ በየበረራው ትደመራለች፣ ከዛ ኤርፖርት ላይ ሚጠበቀውን ጨምሩበት።