ሪሉ ደህና ነው፤ የተጠማዘዘው ክሩ ነው

«ሪሌ (ዘንጉ ላይ ያለው የክር መጠቅለያ) ተበላሽቷል» ተብሎ ከሚመጣልኝ የዓሣ ማጥመጃ ውስጥ አብዛኛው አልተበላሸም። ክሩ ነው የተጠማዘዘው። ባለቤቱ አዲስ ክር ይገዛለታል፤ ብዙም ሳይቆይ ያው ነው። ክሩ ተቀየረ እንጂ አጠቃቀሙ አልተቀየረማ!

የማወራው ስፑሉ፣ ማለትም ክሩ የሚጠቀለልበት ከበሮ፣ ባለበት ቆሞ፣ ሽቦው ዙሪያውን እየዞረ ክር ስለሚጠቀልልበት ሪል ነው። አልፍሬድ ኢሊንግዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1905 ፓተንት ካወጣለት ወዲህ አሠራሩ በመሠረቱ ያው ነው። ጣጣውም አብሮት አለ። ዘንግ አገጣጠምና መንጠቆ አስተሳሰርን ታውቃላችሁ ብዬ አልፌዋለሁ።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ እንጨርስ።

ሲወረወር ሩቅ አይሄድም። ስፑሉ ጎድሏል። ክሩ ሲወጣ የስፑሉን ከንፈር ስለሚታከክ ፍጥነቱን ያጣል። ከከንፈሩ 3 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ እስኪል ሙሉት። እስከ አፉ አትጠቅጥቁት፤ ያኔ ደግሞ ቀለበት ቀለበት እየሠራ በራሱ ይዘላል።

ክሩ ይበጠሳል። የተበጠሰውን ጫፍ እዩት። ተጠቅልሎ ከቀረ ቋጠሮው ነው የከዳችሁ፤ ክሩ አልተበጠሰም፣ ተፈትቷል። ቋጠሮ ከመጠበቁ በፊት በውሃ ይረጥባል። በደረቁ ስትስቡት የሚፈጠረው ሙቀት ናይሎኑን ያዳክመዋል። ጫፉ የተላገ ከሆነ ግን ጥፋቱ የዘንጉ ቀለበቶች ጋ ነው። ጥጥ በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ አሳልፉ፤ ጭረት ያለበት ጥጡን ይይዘዋል። ሴራሚኩ የተሰነጠቀ ቀለበት ይቀየራል እንጂ በሙጫ አይደፈንም። ሽቦው ጫፍ ላይ ያለችውንም ትንሽ ጎማ በጣት አሽከርክሩ። ካልዞረች ክሩ አንድ ቦታ ላይ እየታሸ ነው ማለት ነው። አጽዱና አንድ ጠብታ ዘይት፣ በቃ።

ፍሬኑ (ዓሣው ሲስብ ክሩ በልክ እንዲለቀቅ የሚያደርገው) ጠብቆም ክሩ ይንሸራተታል። የተጎነጎነ ክር በለስላሳ ስፑል ላይ በቀጥታ ከጠቀለላችሁ፣ ጥቅሉ በሙሉ በስፑሉ ላይ ይዞራል። ከሥር ጥቂት ዙር ናይሎን አስቀድሙ።

አሁን ወደ ዋናው።

ክሩ ይተበተባል፣ በወረወራችሁ ቁጥር የክር ጎጆ ይወጣል። መጀመሪያ አረጋግጡ። ከዘንጉ ጫፍ ትንሽ ክር አውጡና አላሉት። ራሱ በራሱ ላይ ከተገመደ ተጠማዟል። ከየት መጣ? ከአራት ቦታ።

አንደኛው አሞላሉ ነው። አዲሱን ጥቅል ጽሑፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ መሬት ላይ አጋድሙት። ክሩን በእርጥብ ጨርቅ ያዝ አድርጋችሁ ሃያ ዙር ያህል ጠቅልሉ። አቁሙና ክሩን አላሉት። ከተጠማዘዘ ጥቅሉን ገልብጡት። በቃ፣ ይሄው ነው። ጥቅሉ ውስጥ የጽሕፈት እርሳስ ሰክቶ ጓደኛ ማስያዝ አያስፈልግም።

ሁለተኛው እጅግ የሚያናድደኝ ነው፤ ፍሬኑ እየለቀቀ እጀታውን ማዞር። ክር በላይ በላይ ሲቀያይር የነበረ ሰው አውቃለሁ። ክሩን ይሰድባል፣ ሻጩን ይሰድባል። አንድ ቀን ዓሣ ሲይዝ አየሁት። ዓሣው ይሮጣል፣ ፍሬኑ ይንጫጫል፣ እሱ ደግሞ በሙሉ ኃይሉ እጀታውን ያዞራል። ክር ግን አንድ ስንዝር አልገባም! 5 ለ 1 በሆነ ሪል እጀታው አንዴ ሲዞር ሽቦው አምስት ጊዜ ይዞራል። ክር ሳይገባ የዞረው ሁሉ ጥምዝ ነው። አሥር ጊዜ ካዞራችሁ ሃምሳ ጥምዝ ከተታችሁ ማለት ነው፣ ለዚያውም በአንድ ዓሣ። መፍትሄው፣ ዓሣው ሲሮጥ እጃችሁን ከማዞር አቁሙ። ሲደክም ዘንጉን ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ እያወረዳችሁ ጠቅልሉ። ፍሬኑንም በግምት አታስተካክሉ። በሚንጠለጠል ሚዛን ስባችሁ ከክሩ አቅም ሩብ አካባቢ ላይ አድርጉት፤ 8 ኪሎ ለሚችል ክር 2 ኪሎ።

ሦስተኛው የሚሽከረከር ማጥመጃ ያለ ስዊቭል (ክሩ እንዳይጠማዘዝ በራሱ የሚዞር ትንሽ ማያያዣ) ማሰር ነው። ስዊቭል አለኝ የምትሉም፣ እየሳባችሁት ይዞራል ወይ? ርካሹ በባዶ እጅ ሽር ይላል፣ ክብደት ሲያርፍበት ድርቅ። እንዲህ ያለውን ጣሉት። ትልም ቢሆን መንጠቆ ላይ ጠምሞ ከተሰካ በውሃ ውስጥ ይሽከረከራል።

አራተኛው፣ ከወረወራችሁ በኋላ ሽቦውን በእጀታ መዝጋት። ጧ ብሎ ሲዘጋ የላላ ቀለበት ስፑሉ ላይ ይቀራል። የሚቀጥለው ክር ይቀብረዋል። በሚቀጥለው ውርወራ ያ ቀለበት ሌላውን እየጎተተ ይወጣል፣ ጎጆውም ያ ነው። በእጅ ዝጉ፣ ክሩን ሳብ አድርጉ፣ ከዚያ ጠቅልሉ።

የተጠማዘዘውን ለማቃናት ጫፉ ላይ ያለውን ሁሉ ፍቱ። መንጠቆ፣ የክብደት እርሳስ፣ ስዊቭል፣ ምንም አይቅር። ከምትወረውሩት ርቀት የሚበልጥ ክር በሚሄድ ጀልባ ኋላ ወይም በወራጅ ውሃ ላይ ልቀቁ። ጥቂት ደቂቃ ይጎተት። በጣታችሁ ጫን እያላችሁ መልሱ። ውሃ ከሌለ ሰፊ ሣር ላይ ዘርግታችሁ ጎትቱት።

ጎጆውን ግን አትሳቡ! ስትስቡት ቋጠሮ ይሆናል። ቀለበቶቹን በመርፌ አንድ በአንድ እያላላችሁ ፍቱ። የተጎነጎነ ክር ብዙ ጊዜ ይፈታል። ናይሎን አንዴ ከታጠፈ ግን እዚያ ጋ ደክሟል፣ ቁረጡት። ቁራጩን አሳጥራችሁ ከትፉና ቆሻሻ ውስጥ ክተቱ። ረጅሙ የወፍ እግር ያስራል።

መንጠቆ ድንጋይ ሲይዝባችሁ የተጎነጎነ ክር እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ። ሥጋ ይቆርጣል። እንጨት ላይ ጠምጥሙና ፊታችሁን አዙራችሁ ሳቡ፤ ከለቀቀ በቀጥታ ወደ ዓይን ነው የሚመጣው።

አልፎ አልፎ ደግሞ የሽቦው ስፕሪንግ ይሰበራል፤ ሽቦው አልዘጋ ይላል፣ ይቀየራል። እጀታው ወደ ኋላ ከዞረ ውስጥ ያለው ባለ አንድ አቅጣጫ ኩሽኔታ በግሪስ ታፍኗል። አጥባችሁ አድርቁት፣ ስስ ዘይት ብቻ ንኩት።