ከቬርሜር ሥዕል አዲስ ፎቶ ሠርቶ ማተም

ከድሮ ሥዕል አዲስ ፎቶ መሥራት ካማራችሁ በኔዘርላንዱ ሠዓሊ በቬርሜር ጀምሩ። "ባለ ዕንቁ ጉትቻዋ ልጃገረድ"ን ማለቴ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1665 ገደማ የተሣለችው፣ ዛሬ ኔዘርላንድ፣ ዘ ሄግ ከተማ በማውሪትስሃውስ ሙዚየም ያለችው። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ሰው፣ አንድ መስኮትና ጥቁር ጨርቅ ነው።

መንገዱን ኢትዮጵያ ተወልዶ ኒውዮርክ ብሮንክስ ያደገው ፎቶ አንሺ አወል ኤሪዝኩ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ2009 ጥቁር ልጅ አስቀምጦ በዕንቁው ፋንታ የቀርከሃ ቅርጽ ያለው ትልቅ ጉትቻ አደረገላት። ጥምጣሙን፣ አዟዟሯን፣ ጨለማውን አልነካም። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፤ ጥቂት ነገር ብቻ ቀይሩ። እኔ የእህቴን ልጅ ሳነሳ ጥምጣሙ ነጠላ፣ ጉትቻው የእናቴ ብር ሆነ። ሌላው ሁሉ የቬርሜር ነው።

መስኮቱ ከእናንተ በስተግራ ይሁን። ልጅቷ አካሏን ወደ መስኮቱ አዙራ በግራ ትከሻዋ በኩል ትያችሁ። አምፖል ይጥፋ፤ ቢጫ ብርሃን ፊት ላይ ከተቀላቀለ ኋላ ማስተካከሉ ራስ ምታት ነው። ፀሐይ በቀጥታ ከገባ ስስ መጋረጃ ጣል አድርጉ። ጥቁሩን ጨርቅ ከጀርባዋ አንድ ሜትር ተኩል ያህል አርቁት፤ ከተጠጋ ሽብሽቡ ሁሉ ይታያል። በነገራችን ላይ የቬርሜርም ጀርባ መጀመሪያ አረንጓዴ መጋረጃ ነበር፤ በዘመን ብዛት ቀለሙ ጠፍቶ ነው የጠቆረው።

አሁን ወደ ጉትቻው። ሥዕሉን አጉልታችሁ እዩት። ዕንቁው ማንጠልጠያ እንኳ የለውም። ከላይ በግራ አንዲት ወፍራም ነጭ ነጥብ፣ ከታች የነጭ አንገትጌዋ ደብዛዛ ነጸብራቅ፤ አለቀ። የኛ ብር ከሥሩ ጨልሞ ነበር። የነጠላውን ጫፍ አጠፍ አድርገን አንገቷ ሥር ከፍ ስናደርገው ቦግ አለ።

ፎከሱን ዓይኗ ላይ አድርጉ፤ ካሜራው ላይ ብርሃኑን ከወትሮው ትንሽ ዝቅ። ደግሞ "ፈገግ በይ" እንዳትሏት! ስሟን ጥሩና ዞር ስትል አንሱ።

ሥዕሉ 44.5 በ39 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚያው መጠን በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ለማተም 24 ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃል። ወረቀቱ ማት፣ ማለትም የማያብረቀርቅ ይሁን፤ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ያ ሁሉ ጥቁር መስታወት ይሆንና የምታዩት ራሳችሁን ነው። ማተሚያ ቤቱ "ችግር የለም፣ ያምራል" ቢላችሁም በትንሽ ወረቀት የሙከራ ህትመት ጠይቁ። ስልክ ላይ የሚታየው ጥላ ወረቀት ላይ ድፍን ጥቁር ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የአንገቷ ጥላ ከጀርባው ካልተለየ ጥላውን ብቻ ገለጥ አድርጋችሁ ድገሙት።

ለመሸጥ ካሰባችሁ፣ የቬርሜር የቅጂ መብት ስለማይኖር አትስጉ። የአወል ፎቶ ግን የአወል ነው፤ የቀርከሃ ጉትቻውን ተዉለት። ስንት ቅጂ እንደምታትሙ አስቀድማችሁ ወስኑና ከምስሉ ሥር ነጩ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፉ፦ በግራ 1/10 (ከአሥሩ የመጀመሪያው ቅጂ ማለት ነው)፣ በቀኝ ፊርማችሁን።